ለዋርሃመር 40,000 ጀማሪ የመጀመሪያው ልቦለድ የትኛው ይሁን?

የቱሉ ዲምቱ አንባቢ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስድስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝበት የንባብ ቡድን አለን። የዋርሃመር 40,000ን ዓለም አብዛኞቻችን ያወቅነው በ2024 በወጣው ስፔስ ማሪን 2 የተባለ ጌም ነው። ሁለቱ ልጆች ደግሞ የጠረጴዛ ጨዋታውን መሠረታዊ ደንብ አውርደው ከካርቶን በተቆረጠ ምስል መጫወት ጀምረዋል። አሁን ልቦለዱን እንሞክር ተባለ፤ ዝርዝሩ ሲታይ ግን በመቶ የሚቆጠር መጽሐፍ ስለሆነ ከየት እንደሚጀመር ግራ ገብቶናል።

የምንፈልገው ስለ ዓለሙ ምንም ለማያውቅ ሰው የሚገባ፣ ራሱን ችሎ የሚያልቅ፣ እንግሊዝኛውም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለጨረሰ ሰው የማይከብድ ነው። አንዱ ጓደኛችን «ቁጥር አንድ ስለሚል በሆረስ ራይዚንግ እንጀምር» ይላል። ልክ ነው? ከመካከላችን አንዱ ገና 13 ዓመቱ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ካለም ንገሩን። ስድስት ቅጂ የመግዛት አቅም ስለሌለን መጽሐፉን በምን መልክ ብንይዘው እንደሚሻልም ጠቁሙን።

ሰበታ 41

ወንድሜ፣ በዜኖስ ጀምሩ። ዳን አብኔት የጻፈው ነው፤ የወጣው በ2001 ነው። ማሌየስ እና ሄሬቲከስ የሚባሉ ሁለት ተከታዮች አሉት፤ ሦስቱ አይዘንሆርን በሚል ርእስ በአንድ ጥራዝ ተጠርዘው ይሸጣሉ።

ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጨዋታውን በ1987 ካወጣ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ ሳይጨመርበት የቀረ ዓመት የለም። አንድ ሚሊዮን ያህል ፕላኔት የሚገዛ ኢምፔሪየም፣ ከሞትና ከሕይወት መካከል ሆኖ 10,000 ዓመት በወርቅ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሠ ነገሥት፣ አጋንንት የሚኖሩበት ዋርፕ የሚባል ባሕር መሰል ጠፈር፣ ከዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ በየአቅጣጫው የሚዋጉ የባዕድ ፍጡራን ዘሮች። አብዛኞቹ ልቦለዶች የተጻፉት ምስሎቹን ቀለም ቀብቶ ለሚጫወት ሰው ስለሆነ ይህን ሳያስረዱ ያልፉታል። አዲስ አንባቢ የሚሰናከለውም እዚያ ላይ ነው። ታሪኩ አይከብደውም፤ ማን ከማን ጋር ለምን እንደሚዋጋ ስላልተነገረው ብቻ በሦስተኛው ምዕራፍ ይተወዋል።

ዜኖስ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሰው አንደበት ይተረካል። ግሪጎር አይዘንሆርን ኢንኩዊዚተር ነው፤ መናፍቃንን፣ አጋንንትንና ባዕዳን ፍጡራንን እያሳደደ የሚመረምር፣ ከእሱ በላይ የሚያዘው ሰው እምብዛም የሌለ ባለሥልጣን። መጽሐፉ ሲከፈት ሃብሪስ የምትባል ፕላኔት ላይ ነን። የሃብሪስ ባለጸጎች ረጅሙን የጨለማ ወቅት የሚያሳልፉት በበረዶ መቃብር ውስጥ ተኝተው ነው፤ አይዘንሆርን ሙርዲን አይክሎን የተባለውን ወንጀለኛ አሳድዶ እዚያ ሲደርስ የተኙት ያለጊዜያቸው እንዲነቁ ተደርገዋል። በእነዚያ ጥቂት ገጾች ውስጥ የዚህ ዓለም ጭካኔ፣ ቴክኖሎጂው፣ የሰው ሕይወት ምን ያህል እንደረከሰ፣ ኢንኩዊዚተር ሲመጣ ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚፈራ ሁሉም ይታያል፤ አንድም ቦታ ላይ ግን ደራሲው ቆሞ ትምህርት አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ነገሩ የምርመራ ታሪክ ነው። መርማሪው ሲጠይቅ አንባቢውም አብሮ ያውቃል።

የሚከብደው መካከሉ ላይ የሚበዛው የሰው ስም ነው። አራቱን ብቻ ያዙ፦ ኤሞስ (ሁሉን አዋቂው ሽማግሌ)፣ ሚዳስ ቤታንኮር (አብራሪው)፣ ቤክዊን፣ እና ፊሺግ (የሕግ አስከባሪው)። ሌላው እየመጣ የሚሄድ ነው፤ ቢረሳም ታሪኩን አያጠፋባችሁም።

ሌላው የሚያደናግረው የቀን አጻጻፉ ነው። 240.ኤም41 ሲል በ41ኛው ሺህ ዓመት 240ኛው ዓመት ማለቱ ነው። ዜኖስ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። የካዲያ ውድቀት፣ ማለትም የዛሬው የጨዋታው ታሪክ የተነሣበት ትልቁ ጦርነት፣ 999.ኤም41 ላይ ስለሆነ ከ750 ዓመት በላይ ይርቃል። ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ስለ ወቅቱ ጦርነት ምንም ሳታውቁ ማንበብ ትችላላችሁ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከማንበባችሁ በፊት የገጸ ባሕርያቱን ስም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። የማንኛውም ኢንኩዊዚተር ገጽ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ መጨረሻው ተጽፎ ይገኛል፤ የአይዘንሆርን ታሪክ ደግሞ ውበቱ ሰውየው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተለወጠ መሄዱ ነው። ሬቨነር የሚባለውን ተከታታይም ሦስቱን ሳትጨርሱ አትንኩ።

ለገጣፎ ዳይስ

የዜኖስን ጥራት አልክድም፤ ለዚህ ቡድን ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ልጆቹ የመጡት ከስፔስ ማሪን 2 ነው። ሰንሰለት ሰይፍ ለለመደ ሰው የምርመራ ታሪክ ብትሰጠው ትጥቅ የለበሰውን ግዙፍ ወታደር እየጠበቀ ብዙ ገጽ ያልፈዋል። በካርቶን የሚጫወቱት ሁለቱስ የትኛውን ሠራዊት ነው የያዙት? እኔ ብሆን ምርጫውን በዚያ ላይ አቆመው ነበር።

ስፔስ ማሪን ከሆነ ሄልስሪች። አሮን ዴምብስኪ-ባውደን የጻፈው፣ በ2010 የወጣ። አንድ ከተማ፣ አንድ ከበባ፣ ግሪማልደስ የሚባል የብላክ ቴምፕላርስ (ከስፔስ ማሪን ጦሮች አንዱ) ቻፕለን፣ ማለትም የጦሩ ካህን፣ ከውጭ ደግሞ ቁጥር ስፍር የሌለው ኦርክ የሚባል ጦረኛ ባዕድ ፍጡር። ቀድሞ መነበብ ያለበት መጽሐፍ የለውም፤ ሲያልቅም ያልቃል። ስፔስ ማሪኖች ከተራ ሰው ጋር ሲቆሙ ምን ያህል ባዕድ እንደሆኑ በደንብ የሚያሳይ ነው፤ ጌሙ ይህን የሚያሳየው በትንሹ ነው።

ተራውን እግረኛ ጦር፣ ኢምፔሪያል ጋርድን፣ የሚወድ ካለ የአብኔት ፈርስት ኤንድ ኦንሊ። የ1999 መጽሐፍ ነው። ታኒዝ የምትባለው ፕላኔታቸው ጦሩ በተቋቋመበት ቀን ጠፍታ የተረፉት ወታደሮች ኢብራም ጎንት ከሚባለው አዛዣቸው ጋር የሚዋጉበት ረጅም ተከታታይ መጀመሪያ ነው። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ዋናውን ታሪክ እያቋረጠ ወደ ጎንት ያለፈ ሕይወት የሚመለስ ምዕራፍ ይገባበታል፤ ሳታስተውሉ ካለፋችሁት ጦርነቱ ራሱ ቦታ የቀየረ ይመስላችኋል። የምዕራፉን ርእስ ሁልጊዜ አንብቡ። ስም ደግሞ ከዜኖስም ይበዛል፤ ኮርቤክ፣ ራውን፣ ሚኮል፣ ላርኪን፣ ብራግ፣ ዶርደን፣ ማይሎ። በወረቀት ላይ ስሙንና ሥራውን ጻፉት፤ ላርኪን አልሞ ተኳሹ፣ ዶርደን ሐኪሙ፣ ማይሎ ወታደር ያልሆነው ልጅ እያላችሁ።

ኔክሮን ለሚወድ ዘ ኢንፊኒት ኤንድ ዘ ዲቫይን አለለት፤ ሮበርት ራዝ፣ 2020። ሁለት የማይሞቱ የብረት ፍጡራን በአንድ ቅርስ ምክንያት 10,000 ዓመት የሚጣሉበት ነው። ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ ስላልሆነበት ጀማሪ አይገባውም ብለው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ባላንጣዎች ብቻ ስለሆኑ ለመከታተል ከሁሉም ይቀላል፤ ከዚያም ላይ ያስቃል።

ኦርክን ለሚወድ ግን ለመጀመሪያ አልመክርም። ብሩታል ካኒንን ጨምሮ የኦርክ መጻሕፍት ንግግራቸው ሆን ተብሎ በተሰባበረ የለንደን ሰፈር እንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ቃሉ በመዝገበ ቃላት አይገኝም። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ካላነበበው አይገባውም። ስለ ኮሚሳር ኬይን የሚተርኩትም እንዲሁ ለኋላ ይቆዩ። ፎር ዘ ኢምፐረር በጣም ደስ የሚል መጽሐፍ ነው፤ ቀልዱ የሚያስቀው ግን ኮሚሳር የሚባለው ሹም በተለመደው ጊዜ የገዛ ወታደሩን የሚረሽን አስፈሪ ሰው መሆኑን አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው።

ቡራዩ ቮክስ

ስለ ሆረስ ራይዚንግ የተጠየቀውን ማንም አልመለሰውም፤ እኔ ልመልስ።

ቁጥር አንድ የሚለው የሆረስ ሄረሲ ተከታታይ ቁጥር ነው፤ የዋርሃመር ልቦለዶች ሁሉ መጀመሪያ ማለት አይደለም። ታሪኩ የሚፈጸመው ጨዋታው ካለበት ዘመን 10,000 ዓመት በፊት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ገና በእግሩ የሚሄድበት፣ ልጆቹ የሚባሉት ፕራይማርኮች (ሆረስ አንዱ ነው) ጋላክሲውን የሚያቀኑበት ጊዜ። ቁጥር የተሰጣቸው መጻሕፍት 54 ናቸው። ከዚያ ሲጅ ኦፍ ቴራ የሚባል መደምደሚያ ይቀጥላል፤ ስምንት ርእስ ነው፣ የመጨረሻው በሦስት ቅጽ ስለተከፈለ አሥር መጽሐፍ ይሆናል፤ የተጠናቀቀው በ2024 ነው። አንድ የንባብ ቡድን ይህን እጨርሳለሁ ብሎ ከተነሣ መንገድ ላይ መቅረቱ አይቀርም።

ብዛቱ ግን ዋናው ምክንያቴ አይደለም። በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ እንዳይመለክ ከልክሏል፤ ሃይማኖት በሙሉ ተከልክሏል፤ ሰው በዕውቀት ነጻ ይወጣል ተብሎ ይሰበካል። በጨዋታው ዘመን ደግሞ እሱን አላመልክም ያለ ይቃጠላል። ሆረስ ራይዚንግን የሚያነብ ሰው የኋለኛውን ካላየ የፊተኛው ምን ያህል እንደሚያሳዝን አይሰማውም። ሎከን የሚባለው ሻምበል በቅን ልቦና የሚናገረው እያንዳንዱ ተስፋ ወዴት እንደሚያመራ የሚያውቅ አንባቢ ነው ልቡ የሚሰበረው። ስለዚህ መጽሐፉ ግሩም ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው።

ስትደርሱበት ሦስቱን አንብባችሁ አቁሙ፦ ሆረስ ራይዚንግ፣ ፎልስ ጎድስ፣ ጋላክሲ ኢን ፍሌምስ። ሦስቱም በ2006 የወጡ ናቸው፤ ደራሲዎቹ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ (አብኔት፣ ግራሃም ማክኒል፣ ቤን ካውንተር) አጻጻፉ በየመጽሐፉ ቢለወጥባችሁ አትደንግጡ። በሦስተኛው መጨረሻ ላይ ሆረስ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የፈጸመው ክህደት ይፋ ይወጣል፤ እንደ አንድ ሙሉ ታሪክ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ።

ሌላም ልጨምር። ወጣቶች ስለሆናችሁ አስቀድሞ መነገር ያለበት ይመስለኛል፤ ኢምፔሪየሙ ጻድቅ ተደርጎ የተሣለ መንግሥት አይደለም። ድንቁርናውና ጭካኔው ሆን ተብሎ የተጋነነ ነው። ኩባንያው ራሱ በ2021 ኢምፔሪየሙ በጥላቻ የሚነዳ መሆኑን፣ የጨዋታው ማኅበረሰብ ግን እንዲያ መሆን እንደሌለበት በይፋ ጽፏል። ቅዳሜ ስትወያዩ ከዚህ ብትነሡ ጥሩ ክርክር ይወጣችኋል።

ለ13 ዓመቱ ልጅ፦ ዜኖስም ሄልስሪችም ለአዋቂ የተጻፉ ናቸው፤ የቆሰለ ገላና ማሰቃየት በዝርዝር ይገባል፤ አጋንንትም አሉበት። ወላጆቹ አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል፤ በየቤቱ የሚፈቀደው ይለያያል። ዋርሃመር አድቬንቸርስ የሚባል ለልጆች የተዘጋጀ ተከታታይ ከ2019 ጀምሮ ወጥቷል። ዋርፕድ ጋላክሲስ በሚለው ንዑስ ርእስ የመጀመሪያው አታክ ኦፍ ዘ ኔክሮን ነው። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተጻፈ ስለሆነ ለ13 ዓመት ልጅ ታሪኩ ትንሽ ቢቀልለውም እንግሊዝኛው ልኩ ነው።

የቱሉ ዲምቱ አንባቢ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁም ደክማችሁልናል። ሁለቱ ልጆች የያዙት ኢምፔሪያል ጋርድ ነው። ቡድኑ ግማሹ ዜኖስ፣ ግማሹ ጦርነት እያለ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ «የጎንት ተከታታይ ላይ ምርጡ ሦስተኛው፣ ኔክሮፖሊስ ስለሆነ በቀጥታ ከእሱ ጀምሩ» ሲባል አየን። ይቻላል? እንግሊዝኛውስ ላይ በተለይ የሚያስቸግረው ምኑ ነው? አብዛኞቻችን በስልክ ነው የምናነበው።

ሰበታ 41

ለጋርድ ተጫዋቾች ከሆነ ሐሳቤን በከፊል እለውጣለሁ፤ ለገጣፎ ያለው ትክክል ነው፣ ሁለቱ በፈርስት ኤንድ ኦንሊ ይጀምሩ፤ ቡድኑ በአንድነት የሚወያይበት ግን ዜኖስ ይሁን።

በኔክሮፖሊስ መጀመር ይቻላል። ምክንያቱም ታሪኩ ቨርቨንሃይቭ በምትባል ግዙፍ ከተማ ከበባ ላይ ያተኮረ ሆኖ፣ የሚጀምረውም በከተማዋ ነዋሪዎች ነው። ጎል ኮሊያ የሚባለው የማዕድን ሠራተኛ ጦርነቱ ሲፈነዳበት አንባቢውም ከእሱ ጋር ነው ያለው። የጎንት ወታደሮች ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ስለሆኑ እነሱን አለማወቅ ያን ያህል አይጎዳም። የሚቀርባችሁ ግን ራውን አዛዡን ጎንትን ለምን እንደሚጠላው ነው፤ ያ ቂም ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ የተገነባ ነው። ሁለተኛውን፣ ጎስትሜከርን፣ መዝለል ይቻላል፤ አጫጭር ታሪኮች በአንድ ማዕቀፍ የተያያዙበት ነው፤ እያንዳንዱ ታሪክ አንድ ወታደር ያስተዋውቃል። ሦስቱ ዘ ፋውንዲንግ በሚል አንድ ጥራዝ ስለታተሙ ጥራዙን ካገኛችሁ ግን መዝለሉ ትርፍ የለውም፤ በተራ አንብቡት።

ቡራዩ ቮክስ

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ቃል አለ። አንደኛው ፈጠራ ነው፤ እሱ ብዙ አያስቸግርም። ቮክስ ሬዲዮ ነው፣ ኮጂቴተር ኮምፒውተር፣ ኦስፔክስ መቃኛ መሣሪያ፣ ላስጋን የእግረኛው የጨረር ጠመንጃ፣ ቦልተር ደግሞ የሚፈነዳ ጥይት የሚተኩስ ከባድ መሣሪያ። ላቲን የሚመስለው ሁሉ ከፍተኛ ጎቲክ የሚሉት የቤተ መንግሥትና የእምነት ቋንቋ ነው፤ ለእኛ ግዕዝ እንደሆነው ማለት ነው፤ የኢምፔሪየሙ ተራ ሰውም አይገባውም፤ ስለዚህ አንድ ቃል ሳይገባችሁ ቢያልፍ አትቁሙ።

ሁለተኛው ዓይነት ነው ይበልጥ የሚያሳስተው፤ የምታውቁት ቃል ሆኖ ሌላ ትርጉም የተሰጠው። ቻፕተር ሲል አንድ ሺህ ያህል ስፔስ ማሪን ያለበት ጦር ማለቱ ነው። ሃይቭ በቢሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የታጨቀበት ከተማ ነው። ኢንተሮጌተር መርማሪ ፖሊስ ሳይሆን ኢንኩዊዚተር ለመሆን የሚሠለጥን ረዳት ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳታውቁ ዜኖስን ብትከፍቱ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ያለው ይመስላል፤ ግን ስሕተት ሆኖ ነው የሚገባችሁ። የስልኩ መዝገበ ቃላትም እዚህ ላይ ያሳስታችኋል፤ የተለመደውን ትርጉም ብቻ ስለሚሰጥ።

ለገጣፎ ዳይስ

ስለ አያያዙ። አራት ኪሎም ሆነ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ እነዚህን አገኛለሁ ብላችሁ አትመኩ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አንድ ጥራዝ አስመጡ፤ የአይዘንሆርን ጥራዝ ከ700 ገጽ በላይ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ይከብዳል፤ ሦስት ልቦለድ ግን በአንድ ነው የምታገኙት። ሽፋኑ በየእትሙ ይለያያል፤ የድሮ ሽፋን ያለውን ያገለገለ መጽሐፍ ያለ ሥጋት ግዙ። ለስድስት ሰው አንድ ወረቀት ቅጂ አይዳረስም፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው ኢ-ቡኩን ቢገዛ የተቀረው ወረቀቱን ይቀባበላል። ዜኖስ ብቻውን 300 ገጽ ገደማ ነው፤ በቀን 20 ገጽ ቢነበብ 15 ቀን ይፈጃል፤ እየተቀባበላችሁ ከሆነ ግን ከወር በታች አታቅዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት በኢ-ቡክ መሸጫው ላይ ነጻውን ናሙና አውርዱ። የሃብሪስን መቃብር ትዕይንት የሚያህል ስለሚኖረው ሁለት ሰዎች ድምፅ አውጥተው ለቡድኑ ቢያነቡት መጽሐፉ ይስማማል አይስማማም እዚያው ይታወቃል። የሄልስሪችንም እንዲሁ አድርጉና አወዳድሩ።

ወደ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ በአውቶቡስ የሚመላለስ ካለ ደግሞ የድምፅ መጽሐፉ ጥሩ ነው። ዜኖስንም የጎንትንም ያነበበው ቶቢ ሎንግወርዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የተለየ ድምፅ ስለሚሰጥ የስም ብዛቱን ችግር በግማሽ ያቃልላል። ኢ-ቡክ በሜጋባይት ደረጃ ትንሽ ፋይል ነው፤ ድምፅ ግን አሥር ሰዓት የሚፈጅ ቀረጻ በ64 ኪሎቢት ጥራት 288 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ32 ኪሎቢት 144። መተግበሪያው ውስጥ ዝቅተኛ ጥራት የሚል ምርጫ ካለ እሱን አድርጉ፤ ለንግግር ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ዋይፋይ ባለበት ሙሉውን አውርዳችሁ ከዚያ የስልኩን ዳታ አጥፉ፤ እየሰሙ በቀጥታ መጫን በየመንገዱ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያንኑ ክፍል ደጋግሞ ስለሚጭን ጥቅሉን ይበላዋል። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ስክሪኑ ጠፍቶ መስማት ከማንበብ ይልቅ ባትሪ ይቆጥባል።